ቡቺ ለማን አለቀሰች?

እስቲ ልጆች፣ አርፋችሁ ተቀመጡ፣ ወንበሩን አታንቀጫቅጩት። አንቺ ደብተር የያዝሽው ደግሞ እንደምናገረው ጻፊ፣ እንዳታሳምሪው።

በደርግ ጊዜ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነበር የምኖረው። ያከራዩኝ ሴትዮ ቤታቸው ተወርሶ ወደ አገር ቤት ሲሄዱ ቡቺን ለኔ ተዉልኝ። ነጭ፣ ጸጉሯ የተንዠረገገ፣ የምታሳሳ ውሻ! ብቻ ከዓይኗ ሥር እንባዋ የሚወርድበት ቦታ ዝገት መስሏል።

አንድ ቀን የቀበሌያችን ሊቀመንበር ግቢ ገብቶ አፈጠጠባት።

«ይቺ ውሻ ለባላባቷ ነው የምታለቅሰው!»

«ኧረ ጓድ፣ ጸጉሯ ዓይኗን እየወጋት ነው!»

«እሁድ እመለሳለሁ። ካላቆመች መርዝ ትበላለች።»

ዓይኗ ውስጥ የሚገባውን ጸጉር ቀስ ብዬ በመቀስ ከረከምኩላት። ጠዋት ማታ አፍልቼ ባቀዘቀዝኩት ውሃ በጥጥ እጠርግላታለሁ፣ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ አደርቅላታለሁ፤ እርጥብ ከቀረ ይብሳላ! እሷም ጭኔ ላይ ተጋድማ እጄን ትልሰኛለች። እንባው ቆመ፤ የድሮው ዝገት ግን አዲስ ጸጉር ካልበቀለ አልለቅም አለ።

እሁድ ሰውዬው ከች አለ። ቡቺን ነጠላዬ ውስጥ ሸሸግኳት። እሱ ግን በሩን ዘጋና የካፖርቱን ቁልፍ ፈታ፤ ከውስጥ አንዲት ነጭ ቡችላ ብቅ አለች፣ ጉንጯ ዝገት በዝገት!

«እህቴ» አለኝ በሹክሹክታ፣ «የቡቺን እንባ ማስቆምሽን ሰምቻለሁ። ይቺ የልጄ ናት፤ ሰው ሳያያት እባክሽ...»

የኔ አፍ መቼም አያርፍ፣ «ጓድ ሊቀመንበር፣ ይቺ ደግሞ የምታለቅሰው ለየትኛው ባላ...»

አቤት! መጣሁ፣ መጣሁ! ልጆች፣ ከጓዳ እየጠሩኝ ነው፤ ቀሪውን ስመለስ።