ደጀን ነን

የሮማውያኑን ጌም ሱቄ ባለው ኮምፒውተር ላይ የጫነብኝ ወንድሜ ነው። ሳያስፈቅደኝ ነው የጫነው። ሱቄ አየር ጤና ከታክሲ ተራው ጀርባ፣ በሁለት ጋራዦች መሀል የተሰነቀረች አንዲት ክፍል ናት፤ ሰው መታወቂያ ኮፒ ሊያስደርግ፣ ማመልከቻ ሊያስጽፍ፣ ፎቶ ሊያሳትም ይመጣል። ወንድሜ ዲፕሎማውን ይዞ ሥራ አጥቶ ስለነበር ቀኑን ሙሉ እኔ ጋ ይውላል። ላግዝሽ ብዬ ነው ይላል፤ ሲያግዝ ያየሁት ግን ሮማን ብቻ ነው። ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ «ቆይ አንዴ፣ ፈረሰኛው ሊከበብብኝ ነው» ሲል ሶኬቱን ልነቅልበት ስንቴ ተነስቻለሁ።

አንድ ክረምት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ውሎ ደንበኛ የሚባል ሲጠፋ፣ ወንበር ሳበልኝና ላስተምርሽ አለኝ። ነገሩ ቀላል ነው። ሠራዊትሽን ራስሽ መርጠሽ ታዘጋጂያለሽ፤ ቦታው የተወሰነ ስለሆነ አንዱን ስትጨምሪ ሌላውን ትቀንሻለሽ። ከዚያ ሜዳ ትወጪና ትዋጊያለሽ። ሮማውያኑ የሚሰለፉት በሦስት ረድፍ ነው፤ ከፊት ወጣቶቹ፣ ከመሀል በሰል ያሉት፣ ከኋላ ረጅም ጦር የያዙ አንጋፋዎች። የኋላዎቹ ውጊያው ሲጀመር አንድ ጉልበታቸውን መሬት አስነክተው ቁጭ ይላሉ። የላቲን ስማቸው አፌ አልገባ ሲል ወንድሜ በአማርኛ አወጣላቸው። የፊቶቹን ዩኒቨርሲቲ አዲስ ገቢው እንደሚባለው ፍሬሾቹ አላቸው፤ የመሀሎቹን ሲኒየሮቹ። በኋላዎቹ ግን አልቀለደባቸውም። ደጀን አላቸው።

ከዚያ ወዲያ ደጀን የኔና የሱ ቃል ሆነ። ቤት ውስጥ እናታችን ስትቆጣው ወደኔ ዞሮ «ደጀን ግቢልኝ» ይለኛል፤ ገብቼ አስታርቃቸዋለሁ። ጌሙ ላይ ደግሞ አንድ ትእዛዝ ብቻ ነበረው፤ ደጀንሽን ቶሎ አታስገቢ። ቀውጢ ካልሆነ አይነኩም።

በሠራዊት አመራረጥ አንስማማም ነበር። እሱ የሦስቱ ረድፍ ሰው ነው፤ ሁሉንም በልኩ። እኔ የታየኝን ሁሉ መሞከር እወዳለሁ። አንዴ ሜዳውን በወንጭፈኛ ሞልቼ ድንጋዬ ሲያልቅ ሁሉም እየሮጡ ጠፉ። ሌላ ጊዜ ጌሙ ውስጥ የጦር ውሾች እንዳሉ ደርሼበት ሠራዊቴን በውሻ ሞላሁት። ሰው ከሚያልቅ ውሻ ይለቅ ብዬ ነው አልኩት። እስኪያነባ ሳቀብኝ፤ ቀኑን ሙሉ «የውሾች ጄኔራል» እያለ ሲጠራኝ ዋለ። የዛሬውን ባላውቅ ኖሮ ያ ቀን ደስ የሚል ቀን ነበር እል ነበር።

ከዚያ ሄደ። አንድ ጠዋት ሻይ እየጠጣን፣ ለውትድርና ተመዝግቤያለሁ አለን። እናቴ ብርጭቆዋን እንደያዘች ቀረች። አለቀሰች፣ ለመነች፣ በታቦት ገዘተችው፤ አልተመለሰም። እዚህ ተቀምጬ ከማረጅ ይሻላል አለ። እድሜው ግን ገና የእርጅና ወሬ የሚያስወራ አልነበረም።

መጀመሪያ መጀመሪያ ይደውል ነበር። የመጨረሻው ቀን እኔ እቃ እያጠብኩ ነበር፤ እናቴ ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጋዋለች። መስመሩ ይቆራረጣል። የት ናችሁ፣ በላችሁ ወይ፣ ይበርዳል ወይ፣ ሁሉንም ባንድ ትንፋሽ ጠየቀችው። የሱ ድምፅ ከሩቅ መጣ።

«ደጀን ነን፤ አታስቡ።»

ከዚያ ተቋረጠ።

እናቴ ፊቷ በራ። የተወለደችው ጎጃም ነው፤ ከደጀን ከተማ በእግር የሚደረስ ቀበሌ። ገበያዋ ደጀን ነበር፣ ለትዳር ወደ አዲስ አበባ ስትመጣ መኪና የተሳፈረችው ከደጀን ነው። ልጄ ሀገሬ ነው ያለው አለች። ዘመዶቼ መሀል ነው፣ ጦርነቱ ከዚያ ሩቅ ነው፣ ተመስገን አለች። እኔ እጄ በአረፋ እንደተነከረ ቆሜአለሁ። እኔ የሰማሁት ከተማ አልነበረም። እኔ የሰማሁት ሱቃችን ውስጥ ከኋላ ቁጭ ያሉትን ሰዎች ነው። አታስቡ ያለውም ለዚያ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ፊት አይደለንም፣ ከኋላ ነን ማለቱ ነው።

ግን በምን እርግጠኛ ልሁን? የት ናችሁ ብላው ነው የመለሰላት። የት ለሚል ጥያቄ የከተማ ስም ነው መልሱ። ቃሉ ደግሞ አንድ ነው፤ ሲጻፍም ሲነገርም አይለያይም። ፊቷን አየሁ። ውሃውን ዘግቼ እጄን አደረቅሁ።

ስልኩ ከዚያ ወዲያ አልሠራም። ደንበኛውን ማግኘት አይቻልም የምትለዋን ሴት ድምፅ ጠላሁት። ጥፋቷ አይደለም፤ ግን ጠላኋት።

እናቴ ደጀን ያለውን የአጎቷን ልጅ ሥራ አስፈታችው። በየጊዜው ትደውልለታለች። ሰውዬው ደግ ነው፤ ካምፕ ባለበት ሁሉ ሄዶ ጠየቀ፣ ሻይ ቤት ያገኘውን ወታደር ሁሉ አስቁሞ ፎቶ አሳየ። አልተገኘም፣ ምናልባት ዓባይን ተሻግረው ይሆናል ይላታል። አንተ በደንብ መች ፈለግከው ትለዋለች። ወደዚያ የሚሄድ ሹፌር ስታገኝ በሶና ጋቢ ጠቅልላ ላከች፤ በተገኘ ጊዜ እንዲሰጠው። በሶው ሳይበላሽ ልጆቹ ይጠጡት ተባለ። ጋቢው ግን ሳይፈታ ተቀመጠ፤ ሳይፈታ መቀመጡንም በየጥሪው ታረጋግጣለች።

እኔ ደግሞ ወደ ጌሙ ተመለስኩ። ማን ሞኝ ሰው እንዲህ ያደርጋል? እኔ አደረግሁ። አንድ ነገር ብቻ ነበር የምፈልገው፤ ደጀኑ ከተቀመጠበት ሳይነሳ የሚያልቅ ውጊያ። ድሉ ጉዳዬ አልነበረም። ለዚያ የሚሆን የሠራዊት አይነት መኖር አለበት ብዬ ያዝኩ።

ፊቱን በጦረኛ ብቻ ደረደርኩ። ጠላቶቹ በጎን ተጠመዘዙና ገቡ። ፈረሰኛ አበዛሁ፤ ፈረሰኞቼ የሸሸውን እያባረሩ ሜዳውን ጥለው ሄዱ፣ የቀረው ጠላት ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ መጣ። ዝሆን አመጣሁ። ዝሆኖቹ ቀስት ሲበዛባቸው አብደው ዞሩና የራሴን ሰዎች ረገጡ፤ ከሁሉ በፊት የደረሱት ደጀኑ ላይ ነው። ከደጀኑ ሌላ ቀስተኛ ብቻ ይዤ ኮረብታ ወጣሁ፤ ቀስቱ ሲያልቅ ደረሱብን። ውሾቹንም አልተውኳቸውም። አንድ ቀን ደጀኖቹን ከውጊያው አርቄ ካርታው ጥግ፣ ዛፍ ውስጥ ደበቅኋቸው። የጠላት ፈረስ ዛፉን ዞሮ አገኛቸው። ማን ነገረው? ኮምፒውተሩ ላይ ጮህኩበት፤ ኮፒ ልታስደርግ የመጣች ሴት ደንግጣ መታወቂያዋን ይዛ ወጣች።

አንዴ ተሳክቶልኛል። የሁለት ረድፍ ፍሬሽ፣ ከጎንና ከጎን ጥቂት ፈረስ፤ ጠላት ተሰበረ፣ ደጀኖቹ እንደተቀመጡ ቀሩ። ሊደውል ነው ብዬ ስልኬን አየሁ። ስንት ዓመት የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ስልኬን አየሁ። በማግስቱ ያንኑ ሠራዊት፣ እዚያው ሜዳ ላይ፣ በዚያው አሰላለፍ አወጣሁት። አለቁ። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ያን ቀን ነው ከውስጤ አንድ ነገር የተበጠሰው። ትክክለኛው አሰላለፍ የሚባል ነገር የለም፤ የተረፈም የሚተርፈው ስላልተደረሰበት ነው።

በዚህ መሀል የሱቄ ሥራ ተቀየረ። ስልካቸው ላይ ያለ የወታደር ልጃቸውን ፎቶ ይዘው የሚመጡ ሰዎች በዙ። አሳድጊልን ይላሉ፤ ለድንኳን ነው። ጥግ ላይ ጥቁር ጥብጣብ እንድጨምርበት ይጠይቁኛል። እጨምራለሁ። የአንዱ ዓይን በፍላሽ ቀልቶ ከሆነ አስተካክላለሁ፤ ሌላው ከጓደኞቹ ጋ ተቃቅፎ ከሆነ የጓደኛውን እጅ ከትከሻው ላይ አጠፋለሁ። እናቶቹ ሲያለቅሱ አብሬ አለቅሳለሁ፤ ግን እውነቱን ልናገር፣ ቀናሁባቸው። እነሱ መርዶ ደርሷቸዋል። ጎረቤት ጎህ ሳይቀድ መጥቶ ነግሯቸዋል፣ ጮኸዋል፣ ድንኳን ተተክሎላቸዋል፣ ሰው አጠገባቸው ተቀምጧል። እኛን ምን ብሎ ሰው ያጽናናን? ያልሞተ አይለቀስም። ያለም አይመስልም። ወይ ጥቁር አንለብስ፣ ወይ ነጭ አላማረብን።

እናቴ ሱቅ አትመጣም ነበር። አንድ ቀን ኮልፌ ቤታችን መብራት ጠፍቶ ስልኳ ሊዘጋባት ሲል፣ እንዳይዘጋ ብላ ታክሲ ይዛ መጣች። ስልኩን ሶኬት ላይ ሰካሁላት፣ የወንድሜ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ነፋሱ ከቆሼ፣ ከቆሻሻ መጣያው በኩል ስለነበር ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አደረገች። ደንበኛ የለም። ጌሙ ተከፍቷል፤ ሠራዊቴን አሰልፌ ጨርሻለሁ። ለመዝጋት እጄን ስልክ «ተይው እንጂ፣ የሱ ጨዋታ አይደል?» አለችኝ። ተውኩት።

ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብላ አየች።

«እነዚህ ከኋላ የተንበረከኩት ጸሎት ላይ ናቸው?»

«አይ፣ ደጀን ናቸው» አልኳት፤ ዓይኔ ስክሪኑ ላይ ነው።

ካልኩ በኋላ ነው የሰማሁት። ዞሬ ላያት አልደፈርኩም። ውጭ ረዳቶቹ ኮልፌ፣ ጦር ኃይሎች እያሉ ይጣራሉ። ጋራዡ ውስጥ ብረት ይቀጠቀጣል። እናቴ ነጠላዋን ከፊቷ ላይ አወረደች። ለብዙ ወራት የያዘችው ከተማ ከእጇ ሲወጣ ተሰማኝ።

«እነሱም ይገባሉ?»

መዋሸት እችል ነበር። ደክሞኛል።

«መጨረሻ ላይ ይገባሉ።»

«ሳይገቡ አይሆንም?»

«ሞክሬያለሁ እማዬ። ስሞክር ነው የከረምኩት።»

እስቲ አሁንም ሞክሪ አለችኝ፤ ድምፅዋ ሕፃን ልጅ እንደምትለማመጥ ሰው ነበር። አስጀመርኩት። ፍሬሾቹ ወደፊት ሄዱና ተጋጠሙ። ትንንሽ ሰዎች መውደቅ ሲጀምሩ አፏን በመዳፏ ያዘች። ሲኒየሮቹን አስገባሁ። ደጀኖቹን አልነካኋቸውም፤ እንደተንበረከኩ ናቸው። ከግራ በኩል የጠላት ፈረሰኛ ዞሮ ሲመጣ እሷ ናት ቀድማ ያየችው። እጄን ያዘችኝ።

«ንገሪያቸው እንጂ ልጄ፣ ይነሱ። ቁጭ ብለው ይለቁ እንዴ?»

ተጫንኩት። ተነሱ፣ ጦራቸውን ለማዞር ሞከሩ። አልደረሱም። እናቴ እስከ መጨረሻው አየች፤ ከዚያ ስልኳን ከሶኬቱ ነቅላ ሳይሞላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ሱቁን ዘግቼ አብረን ታክሲ ተሳፈርን።

መብራቱ ገና አልመጣም ነበር። በሩን ለብርሃን ከፍተን ደጃፉ ላይ እንደተቀመጥን ስልኩ ጮኸ። የደጀኑ ዘመዳችን ነው። እናቴ ሌላ ጊዜ ቢሆን ስልኩ አንዴ ሳይጠራ ታነሳዋለች። ያን ቀን ስሙን አየችና ለእኔ አቀበለችኝ።

ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ፣ ዛሬም ጠይቄ ነበር፣ አዲስ የመጡ አሉ ሲሉ ሰምቼ ነገ ልሄድ ነው አለኝ። እናቴን አየኋት። ራሷን ነቀነቀች።

«እዚያ አይደለም በዪው» አለችኝ። «አይድከም።»

ጋሼ፣ እዚያ አይደለም፣ ከእንግዲህ አትድከም አልኩት። ታዲያ የት ነው አለኝ። መስመሩ ላይ ትንፋሹ ብቻ ይሰማል። ቆይቶ፣ እንደፈራ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እንግዲያ ጋቢውን ምን ላድርገው?» ብሎ ጠየቀኝ።

እናቴ ሰምታለች። አሮጌ ስልክ ነው፤ ድምፁ ወደ ውጭ ያወጣል። ወደ መንገዱ እያየች መለሰች።

«እሱ ራሱ ይልበሰው በዪው። ደጀን ይበርዳል።»

ነገርኩት።