ላሟ የማን ናት?

ጭሮ ዋናው አስፋልት ላይ አንዲት ባጃጅ ጣሪያዋ ላይ ድምፅ ማጉያ አስራ የሳሙና ማስታወቂያ እየለፈፈች ስታልፍ፣ አስተዋዋቂው አፉን ከመክፈቱ በፊት ማጉያው ሲጥ የሚላት ያቺ ጩኸት እስከ ዛሬ ጆሮዬን ታስይዘኛለች። ሳሙናው ምን በደለኝ? ምንም። ግን በልጅነቴ በእኛ ቀበሌ ያ ጩኸት የሚሰማው ለሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ ወይ የድጋፍ ገንዘብ መጥቷልና ውሰዱ ለማለት፣ ወይ የተረጂዎች ዝርዝር ሊታይ ነውና ትልቁ ግራር ስር ተሰብሰቡ ለማለት። መጀመሪያ መጀመሪያ እኔና ታላቅ እህቴ ዘሃራ ድምፁን ስንሰማ የያዝነውን ጄሪካን ጥለን፣ እየተሽቀዳደምን ለእናታችን ልንነግራት እንሮጥ ነበር።

ቤታችን ከቦርደዴ ወደ ሚኤሶ ሲኬድ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነበር። አባቴ ሚኤሶ ላይ ጫኝና አውራጅ ነበር፤ እኔ ሦስተኛ ክፍል በነበርኩበት በጋ ጆንያ እንደተሸከመ ከጭነት መኪና ላይ ወድቆ ወገቡን ተጎዳ፣ ከዚያ ወዲህ ሶላቱንም ቁጭ ብሎ ነበር የሚሰግደው። ያን በጋ እናቴ ከሰል እያከሰለች፣ ጭሱ ዓይኗን አቅልቶት፣ ሚኤሶ ድረስ ተሸክማ እየወሰደች ትሸጥ ነበር፤ ማታ ስትመለስ ውሃ ጠጥታ ጋደም ትላለች። አባቴ በር ላይ ተቀምጦ ይውላል፣ አላፊ አግዳሚው ሰላም ሲለው እንኳ አንገቱን ነቅነቅ ከማድረግ በቀር ቃል አይወጣውም ነበር። እኛ በንፍሮ እንውላለን፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ያለ ንፍሮ።

አጎታችን አብዲ የመጣው ያኔ ነው። የእናቴ ወንድም ነው፣ ቦርደዴ አካባቢ ከብት ያረባ ነበር። አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ተነስቶ አንዲት የምትታለብ ቀይ ላም ከነጥጃዋ እየነዳ መጣና በራችን ላይ አስሯት፣ «ወተቷ የእናንተ፣ እሷና ጥጃዋ የእኔ» አለ፣ ሻዩን ጠጥቶም ሄደ። በእኛ አካባቢ ላም እንዲህ ሆና በተቸገረ ዘመድ ቤት ትከርማለች። ግን ደንብ አለው፤ የሰጠው ሰው ሰጠሁ ብሎ አያወራም፣ የተቀበለውም በሰው ፊት ላሟ የእኔ አይደለችም አይልም። እንዲያ ማለት የዘመድን ውለታ አደባባይ ማውጣት፣ የራስንም ጎጆ ባዶ ነው ብሎ ማስለፈፍ ነው። ትልቅ ነውር ነበር። እኛ ልጆቹ እንኳ ለጎረቤት ልጆች «ላማችን» እያልን ነበር የምናወራው።

ክረምቱ ሲገባ ድጋፉ መጣልን። ድሮ ስንዴና ዘይት ነበር አሉ የሚታደለው፣ ያን ጊዜ ግን ጥሬ ገንዘብ ሆነ፤ አቅም ያለው እርከን እየሰራ ይቀበላል፣ እንደ አባቴ ጉልበት የከዳው ደግሞ እንዲሁ ይሰጠዋል። የመጀመሪያውን ቀን አልረሳውም። እናቴ ገንዘቡን አምጥታ አንዲት ሳንቲም ሳታስቀር አባቴ እጅ ላይ አኖረችው፣ እሱም እንደ ድሮው እንደ ደመወዙ ቀን ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «እንኪ፣ ለቤቱ የሚያስፈልገውን ግዢ» ብሎ መለሰላት። ከዚያ በኋላም ሁልጊዜ እንዲሁ ያደርጉ ነበር። ለሚያይ ጨዋታ ይመስላል፣ ግን አባቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታ በአፉ መመለስ ጀመረ።

ለድሃ እንዲሁ ብር ከሰጡት ይሰንፋል የሚል ሰው ስሰማ ደሜ ይፈላል። ማን ነው የሰነፈው? እናቴ ከሰሉን ተወች እንጂ አልተቀመጠችም፤ ሁለት ፍየል ገዛች፣ ከሚኤሶ ቲማቲምና ሽንኩርት እያመጣች ለሰፈሩ ትቸረችር ነበር፣ ዓይኗም ከጭሱ ቅላት ጠራ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዘሃራ ስምንተኛ ክፍልን አለፈች። ዘጠነኛ ክፍል ሚኤሶ ነበር፣ ግን በየቀኑ በእግር ተመላልሶ የሚዘለቅ አይደለም፣ እዚያ ቤት ትከራይ ሲባል አባቴ፣ «ሚኤሶን ለእኔ ተዉልኝ፣ አስር ዓመት አውቃታለሁ። የሹፌር ከተማ ናት፣ ልጄ እዚያ ብቻዋን አታድርም» ብሎ እምቢ አለ። ስለዚህ በመስከረም ዘሃራ ወደ ጭሮ ሄደች፣ ከሁለት ሴት ተማሪዎች ጋር አንድ ክፍል ተከራየች፣ ኪራዩም የሚከፈለው ከድጋፉ ነበር። ገንዘቡ ከቆመ የእሷም ትምህርት እንደሚቆም ከአባቴ እስከ እኔ ሁላችንም እናውቀው ነበር። በኅዳር ማሽላው ሲሰበሰብ መጥታ ስለ ጭሮ ብርድ ስታወራልን፣ አዋላጅ ነርስ እሆናለሁ ብላ የእናቴን ክንድ እንደ ሐኪም እየጨመቀች ስታስቀን፣ አቤት ደስታችን!

ጥር ላይ ማጉያው ሲጥ አለ። ዝርዝሩ ሊታይ ነው። ግራሩ ስር ተሰበሰብን፣ ተረጂ የሚመርጠው ኮሚቴ ሰብሳቢ ወረቀቱን ይዞ ቆሞ የእያንዳንዱን ቤት ስም እየጠራ፣ ራሱን የቻለውን ሊያስወጣ፣ ያልቻለውን ሊያስቀር ይጠይቅ ነበር። ወረቀቱ ላይ ያለው ጥያቄ «አለ» ወይም «የለም» ብቻ ነው የሚያስመልሰው፤ በሬ አለ? የለም። ላም አለ? የእኛ ተራ ሲደርስ አንድ ሰው ከኋላ፣ «የምትታለብ ላም አላቸው እኮ!» አለ። ሰብሳቢው ቀና ብሎ አየን።

«ፋጡማ፣ ላሟ የማን ናት?»

እናቴ ተነሳች፣ ሻሿን አስተካከለች። እዚያ ከተቀመጠው ሰው ግማሹ የአብዲ ላም መሆኗን ያውቃል፣ ወላሂ ያውቃል፤ ግን እሷ ሳትናገር እነሱ ቢናገሩ እሷን ማዋረድ ነው፣ ስለዚህ ሁሉም መሬት መሬቱን ያይ ነበር። እናቴ፣ «የእኔ ናት» አለች። እኔ ከጎኗ ሆኜ «እማ፣ የአጎ—» ከማለቴ ክንዴን እንዲህ አድርጋ ቆነጠጠችኝ። ሰብሳቢው ወረቀቱ ላይ ምልክት አደረገና፣ «አልሐምዱሊላህ፣ እናንተ እንግዲህ ተመርቃችኋል» አለ። ከድጋፍ ለሚወጣ ሰው እንዲያ ነበር የሚባለው። ሰዉም አጨበጨበ። ምን ይሉታል ይሄን? አጨበጨቡልን!

ከሳምንት በኋላ ወሬው ቦርደዴ ገበያ ደርሶ አጎቴ እየበረረ መጣ። «አንቺ ምን ነክቶሽ ነው? የወንድሜ ናት ብትይ ምን ነበረበት?» ብሎ ሲጮህባት፣ እሷም፣ «በዚያ ሁሉ ሰው ፊት? ወንድሜ ባይኖር ልጆቼ በረሃብ ያልቁ ነበር ብዬ ላውጅ?» ብላ ጮኸችበት። ቀበሌ ሄዶ ቢመሰክርም፣ ዝርዝሩ ወደ ወረዳ አልፏል፣ የሚቀጥለው ዓመት ይታያል ብለው መለሱት። ያን ጊዜ አጎቴ አሰበ አሰበና መላ ያለውን አመጣ፤ ለሚቀጥለው ዓመት ሲመጡ በረታችን ባዶ ሆኖ እንዲያገኙት ላሟን ከነጥጃዋ ነድቶ ወሰዳት። ወይ ጉድ! ብሩም የለ፣ ወተቱም የለ። ደግሞ ሁሉም የሚያደርገው ለእኛ አስቦ ነው፣ እኔን የሚያቃጥለኝም እሱ ነው፣ የምቆጣው ሰው አጥቼ ስንት ጊዜ ትራሴን ደብድቤአለሁ። ቀርቤ ለሰብሳቢው ለብቻው ብነግረውስ ኖሮ እላለሁ፣ የአስራ አንድ ዓመት ሴት ልጅ ማን ይሰማል ደግሞ እላለሁ።

የካቲት ላይ ዘሃራ የስፖንጅ ፍራሿን ጠቅልላ በጭንቅላቷ ተሸክማ ከአስፋልቱ ወረደች። አላለቀሰችም፣ እኔ ነኝ ያለቀስኩት። አባቴ እንደገና በአንገቱ ብቻ ሰላም ማለት ጀመረ፣ እናቴም ወደ ከሰሏ ተመለሰች። በበልጉ ሁለቱ ፍየሎች ተሸጡ፣ በክረምቱ አንዲት የሰፈራችን ሴት ዘሃራን በድሬዳዋ አድርጋ ጅቡቲ ይዛት ሄደች፣ ቤት ሰራተኛ እንድትሆን። በቀጣዩ ጥር ኮሚቴው መጣ፣ በረቱን ባዶ አገኘው፣ ስማችንን መልሶ ጻፈ። የአጎቴ መላ ሠራች፤ ዘሃራ ግን ከሄደች ስድስት ወር ሆኗት ነበር። እኔ አስራ ሁለተኛን የጨረስኩት፣ የመምህራን ኮሌጅም የገባሁት እሷ የሰው ወለል እየወለወለች በምትልከው ነው።

ዛሬ ጭሮ ላይ አስተምራለሁ። የእናቴ ድጋፍ በስልኳ ነው የሚገባላት፣ ግራር ስር የሚቆም ሰው የለም፣ የሚያጨበጭብም የለም፣ ተመስገን ነው። እንዲያም ሆኖ ዝርዝሩን የሚያወጡት በዚያው «አለ» እና «የለም» ነው፣ በየበረቱ ያለችው ላም የማን እንደሆነች ዛሬም በሰው ፊት የሚናገር የለም። አንድ ቀን እናቴን፣ «አሁን ቢጠይቁሽስ ምን ትያለሽ?» አልኳት። «ያንኑ» አለችኝ፣ እኔም ተናድጄ ተነስቼ ወጣሁ፤ ማታ ተመልሼ እግሯን አጠብኳት።

ባለፈው ኢድ ዘሃራ ከጅቡቲ መጥታ ስለነበር ሂሳብ እንክፈትላት ብለን አብረን ባንክ ሄድን። ቅጹን የምሞላው እኔ ነበርኩ፣ የትምህርት ደረጃ የሚለው ላይ ስደርስ ሳልጠይቃት ዘጠነኛ ብዬ ጻፍኩ። እጄን ያዝ አደረገችኝና፣ «ዘጠነኛን አልጨረስኩም እኮ፤ ስምንተኛ በዪ» አለችኝ። ሰረዝኩት። ሰራተኛው ስርዝ ያለበት ቅጽ አንቀበልም ብሎ አዲስ ሰጠኝ፣ እኔም ከስሟ ጀምሬ ሁሉንም እንደገና ጻፍኩ፣ ስምንተኛንም ጻፍኩ።