ለእሑዱ አውቶቡስ ሽምግልና የሄድን ጊዜ

ባለፈው ሳምንት ስኔሊንግ አቨኒው ላይ ቀይ መብራት ይዞን ቆመን ሳለ፣ ፌርማታው ላይ የተለጠፈች ቢጫ ማስታወቂያ ዓይኔ ገባች። የአውቶቡስ መስመሮች ሊቀየሩ ስለሆነ ሕዝቡ መጥቶ አስተያየቱን ይስጥ ትላለች። ጮክ ብዬ አነበብኳት። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጄ ከስልኳ ቀና እንኳ ሳትል፣ “ማም፣ ኖባዲ ጎስ ቱ ዞዝ ቲንግስ” አለችኝ፤ እንዲህ ያለው ቦታ ማንም አይሄድም ማለቷ ነው።

“እኛ ሄደን እናውቃለን” አልኳት።

“ፎር ሪል? ዋት ሃፕንድ?”

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ እሷም ያቺን ነጭ ነገር ጆሮዋ ውስጥ ሰካች። የዘንድሮ ልጅ ይጠይቃል እንጂ መልስ አይጠብቅም። እሷ ያልሰማችውን እንግዲህ ለእናንተ ልንገራችሁ።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ሚኒሶታ፣ ሪችፊልድ ውስጥ፣ አውሮፕላን ጣሪያ ሊነካ እየደረሰ በሚያልፍበት ሰፈር፣ ባለ ሦስት ፎቅ የጡብ አፓርትመንት ውስጥ ነበር የምንኖረው። ሕንፃውን የሞላው የኛው ሰው ነው። ከታች ኦሮምኛ የሚናገሩ ቤተሰቦች፣ ከላይ ከአዲስ አበባ የመጣን ላጤዎች፤ ደረጃው በጋ ከክረምት ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል። ቀን ኮሌጅ እማራለሁ፣ በአዘቦት ማታ ማታ አረጋውያን የሚጦሩበት ነርሲንግ ሆም እሠራለሁ። እንግሊዝኛዬ ከሌሎቹ ትንሽ ስለሚሻል የሕንፃው አስተርጓሚ እኔው ነበርኩ። ሐኪም ቤት ሲኬድ ሰናይት፣ ትምህርት ቤት ወላጅ ሲጠራ ሰናይት፣ ከአከራይ ጋር ጭቅጭቅ ሲነሳ ሰናይት። ደመወዜ ሳምቡሳ ነበር፤ ቅር ብሎኝም አያውቅም።

ሳምቡሳውን የምትጠብሰው አዴ ፋጡማ ናት። ኦሮሞዎቹ ሴትን አክብረው ሲጠሩ አዴ ስለሚሉ እኛም እንደዚያው እንላት ነበር። ባሏ ስደተኛ ካምፕ ሞቶባት ሦስት ልጆች ይዛ የመጣች፣ ስትስቅ ደረቷን በእጇ ደግፋ የምትስቅ ሴት ነበረች። እኔ የምሠራበት ነርሲንግ ሆም ላውንድሪ ውስጥ አንሶላ አጣቢ ሆና ተቀጥራለች፤ ሺፍቷ ግን የዊኬንድ ስለሆነ ከኔ ጋር አይገናኝም። እሑድ ካልገባች ሥራው የለም። ሥራው ከሌለ ደግሞ እነዚያን ልጆች ይዛ የት እንደምትወድቅ አላህ ይወቀው። መንጃ ፈቃድ እንዳታወጣ፣ ፈተናው ላይ ፓርክ አድርጊ ስትባል እጇ ይንቀጠቀጣል። ፈታኞቹ በስሟ እስኪጠሯት ድረስ ወድቃለች። እሑድ እሷን ከነርሲንግ ሆሙ የሚያገናኛት አንድ አውቶቡስ ብቻ ነበር።

የክረምቱ መጨረሻ ላይ፣ የመንገድ ዳር በረዶ ጠቁሮ ከሰል መስሎ በተከመረበት ሰሞን፣ የአውቶቡሱ መሥሪያ ቤት በጀት አነሰኝ፣ መስመር ልቀንስ ነው አለ። የእኛው የእሑድ መስመር አንዱ ነው። የደላው ከሚኖርባት ከዉድበሪ ወደ መሀል ከተማው ዳውንታውን የቢሮ ሠራተኛ የሚያመላልሰውም ሌላው ነው። ከመወሰኔ በፊት ግን ሕዝቡን እሰማለሁ ብሎ ስብሰባ ጠራ።

እኛም ጋሽ ቶሎሳ ቤት ተሰበሰብን። ጋሽ ቶሎሳ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አምቦ አካባቢ አስተማሪ የነበሩ፣ ሚኒያፖሊስ መጥተው ፓርኪንግ ራምፕ በሚሉት ባለ ፎቅ መኪና ማቆሚያ ውስጥ የሚሠሩ ሰው ነበሩ። ባልና ሚስት ሲጣላ፣ ወንድማማች ሲኮራረፍ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው፤ ክርስቲያኑም እስላሙም ቃላቸውን ይሰማል። ባለቤታቸው ጭኮ በትልቅ ሳህን አቀረቡልን፤ ቅቤው ከጣታችን ሳይለቅ ወደ ጉዳዩ ገባን። ጥያቄው አንድ ነው፤ ማን ይናገር?

“እኔ ራሴ ብናገርስ?” አለች አዴ ፋጡማ ፈራ ተባ እያለች።

“አይሆንም” አሉ ጋሽ ቶሎሳ። “ባለጉዳይ ሲናገር ያለቅሳል፤ ለቅሶ ከገባበት ነገር አይጠራም። ሌላውም ሁሉ እየተነሣ አንድ ነገር ቢደጋግም ልባችን የተከፋፈለ ያስመስላል። አንድ አፍ ይበቃናል። እናንተ ከኋላ ሆናችሁ ክበዱልኝ።”

ሁላችንም ልክ ነው አልን። እውነቴን ነው፣ ዛሬም ሳስበው ልክ ነበር። አገራችን ከአንድ ሽማግሌ ኋላ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሕዝብ ያስፈራል። አማላጅ የበዛበት ነገር ደግሞ ገበያ ይሆናል። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ የማያውቀው የአውቶቡሱ መሥሪያ ቤት ብቻ ነበር።

በቀኑ አዳራሹን ግማሹን ያህል ሞላነው። ወንዶቹ ሙሉ ልብስ፣ ሴቶቹ የዓመት በዓል ነጠላና ሻሽ። ጥግ ላይ ብስኩትና ውኃ ውኃ የሚል ቡና ተደርድሯል። የቦርዱ አባላት ከፊት ተቀመጡ፤ ለአንድ ሰው የተሰጠው ሦስት ደቂቃ ነው፣ ሲያልቅ ጠረጴዛው ላይ ቀይ መብራት ይበራል። መጀመሪያ የዉድበሪዎቹ ተነሡ። አንዱ ስሙን ይናገርና አውቶቡሱ ከቀረ ዳውንታውን መኪና ማቆሚያ አላገኝም ይላል፤ ይቀመጣል። ሌላዋ ትነሣና ያንኑ ትላለች። ሦስተኛውም ያንኑ። ማለቂያ የላቸውም።

ጋሽ ቶሎሳ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ “እነዚህ ሰዎች አልተመካከሩም እንዴ? የተባለውን ነገር ለምን ይደግሙታል?” አሉኝ። አዘኑላቸው ማለት ይቻላል።

ተራችን ደረሰ። ጋሽ ቶሎሳ የኮታቸውን ቁልፍ ቆልፈው ተነሡ፤ የኛ ሰው ሁሉ አብሯቸው ብድግ አለና መልሶ ተቀመጠ። ሰብሳቢዋ ደንገጥ አለች። እሳቸው ለዚህ ቀን ላደረሰን አምላክ ምስጋና አቀረቡ። የቦርዱን አባላት ጤንነት፣ የቤተሰባቸውን ደኅንነት ጠየቁ። እንግዳ ሆነን መጥተን በሩን የከፈተልንን የሚኒሶታን ሕዝብ አመሰገኑ። እኔ ሥር ሥራቸው እተረጉማለሁ። “ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ እንዲሉ፣ ወደ ጉዳያችን ስገባ…” ሲሉ ቀዩ በራ። ሰብሳቢዋ ፈገግ ብላ አመሰገነቻቸው።

“ምን አለች?”

“አልቋል አለች፣ ጋሼ።”

“ገና መቼ ጀመርኩ!”

ሰብሳቢዋ ወደ እኛ እያየች፣ “ሌላ የሚናገር አለ?” አለች። ሽማግሌ ከተናገረ በኋላ ማን ይነሣል? አዴ ፋጡማ ከወንበሯ ልትነሣ ስትል አይቻለሁ፤ አጠገቧ የነበረችው ሴት የነጠላዋን ጫፍ ያዝ አደረገቻት። ሰብሳቢዋ ትንሽ ጠበቀችና ወደሚቀጥለው አለፈች።

ኮሪደሩ ላይ ከቦርዱ አንዱ፣ ብስኩት በእጁ የያዘ ሽበታም ሰውዬ፣ ተከትሎን መጣ። መልካም ሰው ነው፤ እውነቱን ነው የነገረኝ። “ብዙ ሆናችሁ መምጣታችሁን አይቻለሁ። ነገር ግን በሚቀጥለው ወር ስንወያይ የዉድበሪው መስመር ብዙ ሰው ተናግሮለታል ነው የሚባለው። ለናንተው አንድ ሰው ነው የተናገረው፤ እሱም አመስግኖ ተቀመጠ። እውነት ለመናገር ለምስጋና የመጣችሁ መስሎኝ ነበር” አለኝ። ቀጠለና፣ “ይህ አውቶቡስ ቢቀር ከናንተ ሌላ የሚጎዳ ማነው?” ብሎ ጠየቀኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ የተባለውን ለጋሽ ቶሎሳ ነገርኳቸው። “ተሳስተናል” አሉ። “ሽማግሌ ሲላክ ሰውየው የሚያፍረው ሰው ተመርጦ ነው። እነዚህ ሰዎች እኔን አያፍሩኝም፣ አያውቁኝማ! የሚያፍሩትን ሰው ነው መላክ የነበረብን።”

የሚያፍሩት ሰው ተፈልጎ የነርሲንግ ሆሙ ማናጀር ተገኘ። በሚቀጥለው እሑድ አዴ ፋጡማና በዚያው አውቶቡስ የሚመጡት ሴቶች፣ ጋሽ ቶሎሳና እኔ ቢሮው ገባን። “ዛሬ ምስጋና የለም” ብለውኝ ነበር ጋሼ መኪና ውስጥ። አልዋሹም። “አውቶቡሱ ከቀረ እነዚህ ሴቶች እሑድ ጠዋት አይመጡም” አሉ፤ በቃ። ማናጀሩ ተራ በተራ አየንና፣ “ሁሉም?” አለ። “ሁሉም።” እኛ ከቢሮው ሳንወጣ ስልክ አነሣ። በኋላ እንደሰማነው፣ በዚያ መንገድ ላይ ያሉትን ሌሎች ቀጣሪዎችም አስነሥቷል።

የኛ ሰው “አፍ ያለው ያግባሽ ወይስ ከብት ያለው?” ተብላ የተጠየቀች ልጅ “አፍ ያለው ያግባኝ፣ ከብት ያለውንማ አፍ ያለው ይበላዋል” አለች ይላል። እዚህ አገር ግን ከብቱ ራሱ አፍ አለው። ይህን ስል በምሬት አይደለም። ቦርዱ ላይ የተቀመጠ ሰው ነገ ማን እንደሚደውልበት ያስባል፤ የዉድበሪው ሰውዬ በየቀኑ የሚቀርበት ነገር ስላለ ከሥራ እንደወጣ በቀጥታ ይመጣል፤ ማናጀሩ እሑድ አንሶላ የሚያጥብለት ያጣል። ለሁሉም የየራሱ ምክንያት አለው፤ ውሳኔ የሚባለውም የነዚህ ምክንያቶች ድምር ነው።

ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ዜናው መጣ፤ የእሑዱ መስመር ሰዓቱ ተስተካክሎ ይቀጥላል ተባለ። ሰዓት መስተካከሉ ደግሞ ማንን ያስከፋል? እልል ተባለ። አዴ ፋጡማ በየበሩ አንድ አንድ ሳህን ሳምቡሳ ላከች። ጋሽ ቶሎሳ ደረጃው ላይ ሲወጡና ሲወርዱ ትከሻቸው ሰፍቶ ነበር፤ ደስ ይበላቸው።

አዲሱ ሰዓት በጀመረበት እሑድ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ስልኬ ጮኸ። አዴ ፋጡማ ናት። “ሰናይት፣ ጠዋት በደንብ መጥቻለሁ። አሁን ግን የሚመልሰኝ የለም።” የሚመልሰው ተሰርዟል። ቀጣሪዎቹ ሠራተኛ በጠዋት ይድረስልን አሉ፤ ደረሰላቸው።

ድራይቭ አድርጌ ስደርስ የጸደይ ካፊያ ይጥላል። አዴ ፋጡማና ሌሎቹ ሴቶች ሻሻቸው ላይ ፌስታል አድርገው የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። አሮጌዋ ቶዮታዬ ውስጥ ተጠቅጥቀው ገቡ። መንገድ ስንጀምር አዴ ፋጡማ ደረቷን ይዛ መሳቅ ጀመረች። “መምጣታችንን ፈልገውታል፤ መመለሳችንን ማን ይፈልገው?” አለችና ሳቋ መሃል ላይ ተቆርጦ አለቀሰች። እኔ ተናድጄ ነበር። እንደዚያ ቀን የተናደድኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ሰኞ ለሽበታሙ የቦርድ አባል ደወልኩ። “ስለ መመለሻው ያነሣ ሰው አልነበረም” አለኝ። ላስተባብል ብዬ አሰብኩ፤ ግን እውነቱን ነው፣ ጋሽ ቶሎሳም ማናጀሩ ቢሮ ውስጥ ያሉት “ጠዋት አይመጡም” ነው። ስነግራቸው “ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ” አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ከዚያ በኋላ መኪና ያለው ሁሉ ተራ ገባ፤ እሑድ ከሰዓት ራይድ መስጠት የሕንፃው ግዴታ ሆነ። አዴ ፋጡማም ከሥራዋ አልተፈናቀለችም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ስብሰባ አይቻለሁ፤ ዜግነትም አግኝቼ እመርጣለሁ። በዚያ ነገር ውስጥ ክፉ ሰው ብፈልግ ብፈልግ አላገኘሁም። ሰብሳቢዋ ጨዋ፣ ሽበታሙ እውነተኛ፣ ማናጀሩ ቅን። ሁሉም ወንበሩ የሚጠይቀውን አደረገ። ክፉ ሰው ቢኖርበት ይሻል ነበር እላለሁ አንዳንዴ፤ ቢያንስ የሚረገም ይገኝ ነበር።

አዴ ፋጡማ በስተኋላ መንጃ ፈቃዷን አወጣች፤ እጇ እየተንቀጠቀጠ ነው ያወጣችው። ጡረታ ከወጣች ቆይታለች። እኔ እዚያው ነርሲንግ ሆም ነርስ ነኝ፤ ባለፈው እሑድ ከሰዓት ስወጣ በር ላይ ቫኗን አሙቃ ቆማ አገኘኋት። እሑድ እሑድ ከሥራ የሚወጡትን ልትመልስ እንደዚያ ናት።

“አዴ፣ ይብቃሽ እንጂ። በዚህ ጉልበትሽ!” አልኳት።

“ጠዋትማ የሚያመጣቸው አያጡም” አለችኝ። ከኋላዬ አንዲት አዲስ የመጣች ልጅ፣ ስስ ጃኬት የለበሰች፣ ከሕንፃው ወጥታ ወዲያ ወዲህ ስታይ ነበር። አዴ ፋጡማ መስኮቱን ዝቅ አደረገችና፣ “አንቺ ልጅ፣ ነይ ግቢ! ቤትሽ የት ነው?” አለቻት።