ሳይሞላ የሚነጉደው ፎርም

ሰፈሩ «ጥድፊያ» የሚል ስም አውጥቶላታል። ሰው አፉን ሲከፍት ሊል ያሰበውን የምታውቅ ይመስላትና ራሷ ትጨርስለታለች። ግማሹን ጊዜ ትስታለች፤ እሷ ግን ደንታም የላት። ሥራዋ ድረ ገጽ መሥራት ነው። የምትሠራውም በታላቅ እህቷ ልብስ ስፌት ቤት፣ ካውያው ከሚቀመጥበት ጠረጴዛ ጥግ ላይ ነው።

በጥድፊያዋ ክፉኛ የተጎዳው የስፌት መኪና ጠጋኙ ነው። ቃሉን መርጦ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ምንም ያልሆነውን መኪና ሁሉ ዘይት ላጠጣ እያለ ይመጣል። እሷም ስትወደው ለጉድ ነው። «እኔ እኮ አንቺን...» ብሎ ሲጀምር ግን ትደነግጥና «መርፌ ፈልገህ ነው? መሳቢያው ውስጥ አለልህ!» ትለዋለች። ሰውየው መርፌውን ይዞ ይሄዳል። እስካሁን ቤቱ በመርፌ ሳይሞላ አልቀረም።

አንድ ቀን ለእህቷ የልብስ ማዘዣ ገጽ ሠራችላት። ደንበኛው ልኩን ሞልቶ ሲልክ፣ አጃክስ በሚሉት ዘዴ፣ ገጹ ሳይታደስ ትእዛዙ ከጀርባ እንዲደርስ ነበር ያሰበችው። በማግስቱ እህቷ ስልኳን ይዛ መጣች።

«ይሄ ሰውዬ ደረቱን ብቻ ነው የላከልኝ። እጅ የለውም እንዴ?»

«ኧረ ይኖረዋል እትዬ!»

«ይህችኛዋስ? ወገብ አልፈጠረባትም?»

ጥድፊያ ነገሩ ወዲያው ገባት። ደንበኛው ደረቱን ጽፎ «ኢንተር» የሚለውን ቁልፍ ሲነካ ፎርሙ ያለቀ መስሎት ይነጉዳል፤ ገጹም ብልጭ ብሎ ባዶ ይሆናል። ከጀርባ የሚልከውን የጃቫስክሪፕት ኮድ ስትጽፍ ፎርሙን ራሱን «አንተ ቆይ» ማለት ዘንግታለች። ፎርሙ በራሱ እንዳይነጉድ የምታግደውን፣ «ፕሪቨንት ዲፎልት» የምትባለውን ትእዛዝ ጨመረችበት፤ ከዚያ ሁሉም ልክ መሞላቱን አይቶ የሚልክ ኮድ አስከተለች።

«ምን አደረግሽው?» አለች እህቷ።

«ሰው ሳይጨርስ እንዳይሄድ ከለከልኩት።»

እህቷ መቀሷን አስቀምጣ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «ፎርሙንስ ከለከልሽው! ያን ምስኪን መርፌ ከማሸከም አንቺን ማን ይከልክልሽ?»

ጥድፊያ የምትገባበት ጠፋት። አፍራለች። ይሄ ሰው አንድ ቀን ተስፋ ቆርጦ ቢቀርስ ብላ ስታስብ ደግሞ ፈራች።

ከሰዓት በኋላ ጠጋኙ ዘይቱን ይዞ መጣ።

«እኔ እኮ አንቺን...»

መርፌው ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ከንፈሯን ነከሰች። ሰውየው እንደለመደው እስክታቋርጠው ጠበቀ፤ ዝም ስትለው ግራ ተጋባ።

«አንቺን... ከልቤ ነው የምወድሽ። ዘይቱ ሰበብ ነው። ብታገቢኝ...»

ከንፈሯን ይበልጥ ነከሰች። የእህቷ መኪና ድምፁ ጠፋ። ጠጋኙ ግንባሩን በዘይት ጨርቁ ጠረገ።

«...ደስ ይለኛል።»

«ጨረስክ?» አለችው።

«ጨረስኩ።»

«እሺ!» ብላ፣ ግንባሩ እንደጠቆረ፣ አንገቱ ላይ ተጠመጠመችበት።