ሁለተኛው ዓይን

አባዬን ከቀበርን ሳምንት አልሞላንም። ለቅሶ ደራሹ ሳሎን እንደተቀመጠ፣ የሚመጸወት ልብሱን ላጣጥፍ መኝታ ቤቱ ገባሁና ከካፖርቱ ኪስ አንዲት የባሕር ዛጎል ወጣች። ሆዷ ላይ የደረቀ ሰማያዊ ቀለም ተጣብቋል። ጣቴን በምራቄ አርሼ ብነካው ቀለሙ ተነሣ፤ ያ የሙጫ ሽታም አብሮት መጣ። ዛጎሏ የኔ ናት። ጠፋችብኝ ብዬ ስንት አልቅሻለሁ። አንቺዬ፣ የሞተ ሰው አይወቀስም ይላሉ። እኔ ግን ልወቅሰው ነው፤ ስሚኝ።

ሰዉ ሁሉ ከታክሲ ወደ ኡበር በሚዞርበት ሰሞን ነው፤ እኔ ገና አሥራ ስምንት ዓመቴ። በዲቪ የመጣነው አባዬና እኔ ብቻ ነን፤ እናቴ ቀድማ አርፋለች። እሱ ዳውንታውን ፓርኪንግ ይሠራል፣ እኔ ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ አንድ ግሮሰሪ ካሸር ነኝ። ከግሮሰሪው ጎን የሕንዶች የጨርቅ ሱቅ ነበር። የባለሱቁ አባት፣ ሽማግሌው፣ ብርሃን በሚገባበት መስኮት ሥር መሬት ላይ ተቀምጠው ሲሥሉ ይውላሉ። በአገራቸው አያት ቅድመ አያታቸው ለነገሥታት መጻሕፍት ሥዕል የሚሠሩ ነበሩ አሉ። መጻሕፍቱ የፋርስ ግጥም ናቸው፣ የሚሥሉት ግን ሕንዶች። "ቃሉ የእንግዳ ነው፣ ቀለሙ የኛ" ይሉኝ ነበር።

በብሬክ ሰዓቴ እየሄድኩ ቆሜ ማየት ጀመርኩ። አንድ ቀን ቀና ብለው "ቁጭ በይ፣ ብርሃኔን ጋረድሽኝ" አሉኝ። በቃ፣ በዚያው ተማሪያቸው ሆንኩ። ከሽኮኮ ጭራ የተሠራ፣ ጫፉ አንዲት ፀጉር ብቻ የሆነ ብሩሽ አስያዙኝ። ቀለሙ ድንጋይ ነው፤ ይፈጫል፣ ከሙጫ ጋር ዛጎል ውስጥ ይበጠበጣል። ሲደርቅ ወረቀቱን ገልብጠሽ በለስላሳ ድንጋይ ማሸት ነው፣ እስኪያብረቀርቅ። ያ የድንጋዩ ሲር ሲር የሚል ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ደግሞ ቁጣቸው! ቅጠሉ ትንሽ ከተንጋደደብኝ "ይሄ ምንድን ነው፣ ጎመን?" ይሉኛል።

ዊንተሩን ሙሉ የሣልኩት አንዲት ገጽ ነው። እሳቸው ዘንድ ከነበረች አሮጌ ገጽ የቀዳሁት፤ ከላይ የፋርስ ጽሕፈት፣ ከታች ውኃ ጉድጓድ አፍ ላይ አንድ ልዑልና እንስራ የያዘች ልጅ ፊት ለፊት ቆመው ይተያያሉ። ከኋላቸው ሎሌዎችና አንድ ፈረስ። እንደ ሕንዶቹ ወግ የሰዉ ሁሉ ፊት በጎን ነው፣ ለእያንዳንዱ አንድ ዓይን። ያቺን ገጽ ይዤ አርት ኮሌጅ አፕላይ ላደርግ ነበር። ኢንተርቪው ሰኞ ነው። ሽማግሌው አብረውኝ መጥተው "ያስተማርኳት እኔ ነኝ" ሊሉልኝ ቃል ገብተዋል። ከካሸርነት የምወጣበት ሌላ በር አልነበረኝም።

ቅዳሜ የነፍስ አባታችን ጠበል ሊረጩ ቤት መጡ። ሥዕሏ ጠረጴዛ ላይ ናት። ጎንበስ ብለው አዩና ፈገግ እያሉ "እንዴ ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ይሁዳ ከየት መጣ?" አሉ። የቤተ ክርስቲያናችንን ሥዕል ታውቂው የለ፤ ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ነው የሚሣለው። በጎን ሆኖ አንድ ዓይኑ ብቻ የሚታየው ሰይጣን ነው፣ ይሁዳ ነው፣ ጌታን የሚገርፈው ወታደር ነው። ቄሱ የቀለዱ መሰለኝና ሳቅሁ። አባዬ አልሳቀም።

እሑድ ከሺፍት ስመለስ አባዬ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጧል። ብሩሼ እጁ ላይ፣ ዛጎሏ አጠገቡ። "ነይ እስቲ እዪ" አለኝ፣ ደስ ብሎት። ልዑሉ ሁለት ዓይን አለው። ልጅቷም፣ ሎሌዎቹም። ጉንጫቸውን ገፋ፣ ከጀርባ ያለውን ሰማያዊ መለስ እያደረገ ፊታቸውን ወደኛ አዙሮታል። የማረው ፈረሱን ብቻ ነው። ዓይኖቹ ትልልቅና ጥቁር፣ መስመራቸው ቀጥ ያለ፤ እጁ አንድም ቦታ አልሳተም። በልጅነቱ ቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ዘንድ ተምሮ እንደነበር የሰማሁት ያን ቀን ነው።

"አባዬ፣ ምን አደረግክ?"

"ሰው አደረግኋቸው። ነገ ፈረንጆቹ ፊት የክፉ ሰው ጉባኤ ይዘሽ ልትቀርቢ ነበር?"

ሊያግዘኝ ነው እኮ! ወይ ነዶ! በክፋት አድርጎት ቢሆን ጠልቼው እገላገል ነበር።

ሰኞ ጠዋት ገጿን ይዤ ወደ ሽማግሌው ሮጥኩ። መስኮቱ ሥር አስጠግተው አዩዋት። "ይተያዩ ነበር" አሉ። "አሁን እኔን ነው የሚያዩኝ። ማነው እንዲህ ያደረገው?"

አባቴ ነው ልል አፌን ከፈትኩ። የአባትን ገመና ለባዕድ? ያን የመሰለ አዋቂ ፊት አባቴን ላዋርደው? ዝም አልኩ። እሳቸውም ዝምታዬን እኔ ነኝ እንዳልኩ ቆጠሩት። "ይሄ የኔ ትምህርት አይደለም" ብለው ብሩሾቻቸውን በጨርቅ ጠቀለሉ። ቢፋቅ ወረቀቱ ይበሳል፤ ሌላ ሥራ የለኝም፤ የሚመሰክርልኝም ሰው ሄደ። ኢንተርቪው ቀረሁ። ሱቁም በዚያው ዓመት ተዘጋ። እኔ ከግሮሰሪው ወጥቼ ዱሉዝ ያለ ዌርሃውስ ገባሁ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ካርቶን አሽጋለሁ።

ለአባዬ "አልተቀበሉኝም" አልኩት። "ማየት አይችሉበትም፣ ተያቸው" አለኝ። በይ ሳቂ እንግዲህ። ገጿን ፍሬም አስገብቶ ሳሎን ሰቀላት። እንግዳ በመጣ ቁጥር ደረቱን ነፍቶ "እኔና ልጄ ነን የሣልናት" ይላል። እኔ ሻይ ልቅዳ ብዬ እነሣለሁ። እውነቱን ሳይሰማ ሞተ። ዛጎሏን ለምን እንደያዛት፣ ዳግመኛ ሊሥል አስቦ እንደሆነ፣ አሁን ማንን ልጠይቅ?

ዛጎሏን እንደያዝኩ ሳሎን ወጣሁ። አንዲት የማላውቃቸው እናት ሽቅብ ሥዕሉን ያያሉ። "ልጄ፣ ይሄን ማን ነው የሣለው?" አሉኝ።

ልዑሉና ልጅቷ አሁንም እርስ በርስ አይተያዩም። እኔን ያዩኛል።

"እኔና አባዬ ነን" አልኳቸው። "አንዱን ዓይን እኔ፣ አንዱን እሱ።"