እናቴ የተቀመጠችበት ድንጋይ

ሰው ዕረፍት ሲያገኝ ዘመድ ሊጠይቅ ይሄዳል፣ ሠርግ ይሄዳል። የኛ ቤተሰብ ድንጋይ ሊለቅም ይሄዳል። የማጋንን እንዳይመስላችሁ፤ ደሴ ባለው ቤታችን የሳሎኑ ቡፌ ውስጥ አንድም ብርጭቆ የለም፣ ከላይ እስከ ታች ድንጋይ ነው። እንግዳ ሲመጣ ብርጭቆ የምንዋሰው ከጎረቤት ነው።

አባዬ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። እኔ ገና ሕፃን ሳለሁ ብልባላ አካባቢ መስመር ሲዘረጉ አንድ የተሰነጠቀ ድንጋይ አይቶ ነበር። ላዩ እንደማንኛውም ድንጋይ ሻካራ፣ ሆዱ ግን ባዶ፣ የሆዱ ግድግዳ ደግሞ ዙሪያውን እንደ ተሰበረ መስታወት የሚያበራ። የሥራው መኪና ሊሄድ ስለነበር አላነሳውም። ከዚያ ወዲህ እራት በቀረበ ቁጥር «አይ ያቺ የብልባላዋ!» ሳይል አያልፍም። በጥር መጨረሻ፣ የመንፈቅ ዓመቱን ፈተና እንደጨረስኩ፣ ጓደኞቼ ሐይቅ ዳር ሄደው ፎቶ ሲነሱ እኛ፣ ማለትም አባዬ፣ እማዬ፣ የስድስት ዓመቷ እህቴ ሐያትና እኔ ፊርዶስ፣ የብልባላዋን ወይም እሷን የምትመስል ለማግኘት ወደ ላስታ ተነሳን።

ሁለት የቤት ሕጎች አሉን። አንደኛው የአባዬ ነው፤ ድንጋይ አይገዛም። «የተገዛ ድንጋይ ዕቃ ነው፣ የተገኘ ድንጋይ ነው ድንጋይ» ይላል። ሁለተኛው የእማዬ ነው፤ የቆፈርነው ጉድጓድ ተደፍኖ፣ ተረግጦ፣ እንዳልተነካ ሆኖ ይቀራል። ሁለቱም ጥሩ ሕጎች ይመስላሉ። ቆዩኝ።

ከደሴ እስከ ጋሸና

በጠዋት ከመናኸሪያ በቅጥቅጥ ወጣን። ኩታበርን አልፈን መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ በሽሎ ወንዝ ሲወርድ ብርዱ ለቀቀን፣ ጆሮአችን ተደፈነ። ሹፌሩ ድልድዩ አጠገብ ጎማ ሊያይ ቆመ። ጎማው ታየ፤ ሰው ሁሉ ተመልሶ ተሳፈረ፤ አባዬ የለም።

«የማን ባል ነው የጠፋው?» ብሎ ጮኸ ረዳቱ።

እማዬ በመስኮት ተራራ ታያለች።

«እናት፣ ያንቺ አይደለም እንዴ?»

«የኔ ነው። ሲበቃው ይመጣል» አለች።

ሲበቃው መጣ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሷል፣ በኪሱ ድንች የሚያካክሉ ሦስት ድንጋዮች ይዟል። ከኋላችን የተቀመጡ እናት ድንጋዮቹን አየት አድርገው፣ «ልጄ፣ ደሴ ድንጋይ ጠፋ?» አሉት።

«አለ እማማ፤ እንዲህ ያለው ግን የለም።»

«እንግዲህ እሱ ይርዳህ» አሉና ሻርፓቸውን ተከናነቡ።

ወገል ጤና ስንደርስ ኦፓል የሚሸጡ ወጣቶች ከበቡን። አንዱ ከላስቲክ ውስጥ አውጥቶ መዳፌ ላይ ያስቀመጠልኝ ድንጋይ ባቄላ ቢያክል ነው፤ ዘወር ሲያደርጉት ግን አረንጓዴው ወደ ቀይ፣ ቀዩ ወደ ሰማያዊ እንደ ርግብ አንገት ይገላበጣል። ወደድኩት። አባዬ ማጉያ መነጽሩን አውጥቶ ረጅም ጊዜ ሲመለከተው ልጁ ተስፋ አደረገ፣ እኔም ተስፋ አደረግሁ።

«በጣም ቆንጆ ነው፣ አላህ ይባርክልህ» ብሎ መለሰለት።

«እና?» አለ ልጁ።

«እናማ፣ አመሰግናለሁ።»

ልጁ እኔን አየኝ። እኔ ሰማይ አየሁ።

ጋሸና ነፋሱ አቁሞ የሚያናግር አይደለም። የሙስሊም ምግብ ቤት ፈልገን የፍየል ቅቅል በላን፤ ሻዩን በሁለት እጃችን ይዘን ከመጠጣት ይልቅ ሞቅነው። የላሊበላው መኪና ረዳት፣ አባዬ በየቆምንበት እየለቀመ የሞላውን ጆንያችንን ሊያነሳ ሞከረና መልሶ አስቀመጠው።

«ምንድን ነው? ብረት?»

«ድንጋይ» አለ አባዬ።

«ድንጋይ ውስጥ ምን አለ?»

«ምንም። ድንጋይ ብቻ።»

ረዳቱ ወደ ሹፌሩ ዞረ። «ኧረ ጉድ ስማ! ድንጋይ ይዘው ላሊበላ ይገባሉ!»

«ምነው፣ አልቆባቸው አምጡልን አሉ እንዴ?» አለ ሹፌሩ።

መኪናው ሁሉ ሳቀ። አባዬም አብሮ ሳቀ፤ ይሄ ነው የሚያናድደኝ። ጣሪያው ስለሞላ ለጆንያው የአንድ ሰው ሒሳብ ተከፈለ። ስለዚህ ጆንያው ወንበር ይዞ ሄደ፣ ሐያት ደግሞ ጭኔ ላይ። እግሬ እስከ ላሊበላ ደንዝዞ ደረሰ።

ላሊበላ

በማግሥቱ ጠዋት አብያተ ክርስቲያናቱን ልናይ ስንገባ በር ላይ ያለው ጥበቃ የአባዬን ቦርሳ ከፈተ። መዶሻ። መሮ። ጥበቃው መዶሻውን፣ ከዚያ አባዬን፣ ከዚያ እኛን አየ።

«ወንድም፣ ተፈልፍሎ አልቋል እኮ» አለው።

መዶሻው በር ላይ ቀረ። አባዬ ግን ከዐለቱ ሥር ሲቆም ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ድንጋይ የሚናገረው አጣ። ይህንን ማንም አላመነኝም፣ እናንተ እመኑኝ።

ብልባላ

ብልባላ ከላሊበላ በስተሰሜን ናት። በማለዳ መኪና ደርሰን፣ ከትንሿ ገበያ ወጥተን በማሳዎቹ መካከል በእግር ሄድን። እህሉ ታጭዶ ስላለቀ መሬቱ ገላጣ ነው።

«ከዚያ ትልቅ ዛፍ በታች ነበር» አለ አባዬ።

ትልቅ ዛፍ የለም። ስለዚህ ሁሉንም ቦታ ፈለግን። ድንጋይ ሲርስ ቀለሙ ስለሚወጣ ሐያት ያገኘችውን ሁሉ ትልሳለች፤ ምላሷ አመድ መስሏል። እኔ ውኃ እሸከማለሁ። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ስትወጣ እማዬ «ጫማዬ ጠጠር ገባበት» ብላ አንድ ማሳ ጫፍ ላይ፣ መሬት ውስጥ ግማሹ የተቀበረ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። ጠጠሩን አራገፈች፣ ጫማዋን አሰረች፣ ልትነሳ ስትል እጇን ድንጋዩ ላይ ደገፍ አደረገች። ከዚያ ጎንበስ ብላ አየችው።

«ሰይድ» አለች አባዬን ቀስ ብላ። «ና እስቲ።»

ስንጥቅ አለው። በስንጥቁ ውስጥ ነጭ፣ ሹል ሹል ያለ፣ ፀሐይ ሲያገኘው ዓይን የሚወጋ። አባዬ ተንበረከከ። እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ እግሬንም ጭኔንም ረስቼ እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

ግን አንድ ነገር አላማረኝም። «አባዬ፣ ለምን ብቻውን ቆመ? ሌላ ድንጋይ እኮ አጠገቡ የለም።»

«እኛን ሲጠብቅ ነዋ!»

«የተተከለ ይመስላል።»

«ፊርዶስ፣ ውኃውን አቀብይኝ።»

እኔን በዚህ ቤት ማን ይሰማኛል። ቆፍሮ አወጣው፤ የበግ ጭንቅላት ያክላል። እማዬ በሕጓ መሠረት አፈሩን መለሰች፣ ደለደለች፣ በእግሯ ረገጠች፣ ገለባ እንኳ በተነችበት። እንዳልተነካ ሆነ።

መንገድ ዳር ሻይ ቤት ተቀምጠን መኪና ስንጠብቅ አንዲት ሴት ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ እየጮኸች መጣች።

«የአገር ያለህ! ድንበሬን ነቀለው! ደሳለኝ ድንበሬን ነቀለው!»

ሰው ተሰበሰበ። ሻይ የምትሸጠዋ ሴት ለእማዬ ነገረቻት። የምትጮኸዋ እትዬ ብርቄ ትባላለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ጎረቤቷ አያ ደሳለኝ ባረሰ ቁጥር ማሳዋ ይጠባል ብላ ስትከስ፣ እሱም ወሰን ታልፋለች ብሎ ሲከስ ኖረው፣ ባለፈው ክረምት ሽማግሌ ገብቶ፣ ሁለቱን አስምሎ፣ መሐላቸው ድንጋይ ተከለ።

«ዛሬ ሄጄ ባይ» አለች እትዬ ብርቄ፣ «ድንጋይ የለም! ቦታውንም እንደ ቤት ወለል ደምድሞታል! ገለባ በትኖበታል!»

እማዬ አፏን በእጇ ያዘች።

አያ ደሳለኝ ከነዱላው እየሮጠ ደረሰ። «በላሊበላ! በልጆቼ! እኔ አልነካሁም!»

«አንተ ካልነካኸው ክንፍ አውጥቶ በረረ?»

«እኔ ምን አውቄ!»

«የሙት ልጆች መሬት በልተህ አይጠረቃህም!»

አያ ደሳለኝ ዱላውን ጨበጥ ሲያደርግ የእትዬ ብርቄ ወንድም ከሰው መሐል ብቅ አለ። ሽማግሌ ሆነው ድንጋዩን የተከሉት ቄስ አምባዬ በመካከል ገቡ። «ረጋ በሉ። መጀመሪያ ድንጋዩ ይፈለግ። ምን ዓይነት ነበር?»

አባዬ ሻዩ ውስጥ ያይ ነበር። እኔ በክርኔ ጎሰምኩት፣ እማዬ በዚያኛው ጎን ጎሰመችው። እሱ ሻዩን ማማሰሉን ቀጠለ።

«ምን ዓይነት ይሆናል አባቴ፣ ተራ ጥቁር ድንጋይ ነው እንጂ!» አለ አያ ደሳለኝ። «እንደሱ ያለ በየሜዳው ሞልቶ የለ? ሌላ ይተከል!»

«ተራ አይደለም!»

አባዬ ነው። ቆሟል።

«ጥቁርም አይደለም። ግራጫ ነው። ስንጥቅ አለው፣ በስንጥቁ ውስጥ ነጭ ክሪስታል ሞልቶበታል። በየሜዳውማ አይገኝም! እኔ ስንት ዓመት ስፈልገው…»

እዚያ ላይ ምን እየተናገረ እንደሆነ ገባው። እኔ ሻርፔን ፊቴ ላይ ሳብኩ።

«አንተ ማነህ?» አሉት ቄስ አምባዬ።

«ሰይድ እባላለሁ፣ አባ። ከደሴ።»

«ድንጋዩ የት አለ?»

አባዬ ጆንያውን አየ። ከዚያ ሰው ሁሉ ጆንያውን አየ።

እትዬ ብርቄ ቀረበችው። እንደምትጮህበት ጠብቄ ነበር፤ ድምፅዋ ግን ዝቅ አለ። «ለምን ወሰድከው ወንድሜ?»

«ለቡፌ» አለ አባዬ።

«ለምን?»

«ለ… ቡፌ። ቤት ውስጥ እንድናየው።»

«እኔ ዱላ ልማዘዝ፣ እሱ ሊያየው!» አለ አያ ደሳለኝ። ከት ብሎ ሳቀ፣ ወዲያው ደግሞ ተናደደ፤ ሁለቱም ይገባዋል።

«ተሸከመው» አሉ ቄስ አምባዬ። «ወዳነሳህበት።»

ተሸከመው። የብልባላ ሰው ግማሹ ተከተለን። ማሳው ጋ ስንደርስ ግን እማዬ ሥራዋን አሳምራ ስለሠራች ቦታው አይለይም። እትዬ ብርቄ አንድ ቦታ ላይ ቆመች፣ «እዚህ ነው!» አያ ደሳለኝ ከሷ አንድ እርምጃ ገባ ብሎ ቆመ፣ «ወዲህ ነው!» በዚያች አንድ እርምጃ ነው ሰው የሚሞተው፤ የዚያን ቀን በዓይኔ አየሁ። ድምፅ ከፍ ከፍ ሲል አባዬ ድንጋዩን እንደ ሕፃን ታቅፎ ላቡን ያንጠባጥባል።

ያን ጊዜ እማዬ ሰውን ከፍላ ወደ መሐል ገባችና መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«አመማት?» አለ አንዱ።

«ዝም በሉ» አለች። «ጫማዬን ሳስር የቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮ በሁለቱ ባሕር ዛፎች መሐል ይታየኝ ነበር። አሁን አንዱ ዛፍ ጋርዶታል።» ተነሳች፣ ወደ ግራ ሄዳ ተቀመጠች። አይደለም። ወደ ኋላ። አይደለም። ቄሱ፣ ባለዱላው፣ ሕፃናቱ ሁሉ እናቴ ስትነሳና ስትቀመጥ ቆመው ያያሉ። እኔ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«እዚህ ነው» አለች በመጨረሻ።

አባዬ በእጁ ጫረው፤ አፈሩ ለስላሳ ነው። የተደፈነውን አወጣ፣ ዙሪያው ጠንካራውን ጠርዝ አገኘ። ድንጋዩን ሲያስገባው በአንድ በኩል እምቢ አለ፣ ሲያዞረው እንደ ጥርስ ድዱ ውስጥ ገባ። እትዬ ብርቄ ከቆመችበት ግማሽ እርምጃ፣ አያ ደሳለኝም ከቆመበት ግማሽ እርምጃ።

አባዬ ድንጋዩን በእጅጌው ጠረገውና ቀና አለ። «ስንጥቁ ወደ መንገዱ ቢዞር ኖሮ፣ ፀሐይ ሲያገኘው…»

«አይዞርም!» አሉ እትዬ ብርቄና አያ ደሳለኝ በአንድ ድምፅ። ከዚያ እርስ በርስ ተያዩ። እትዬ ብርቄ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ስትስቅ ግን ትከሻዋ ያስታውቅ ነበር።

ቄስ አምባዬ ፈረዱ። «ከዛሬ ጀምሮ እናንተ የዚህ ድንጋይ ምስክር ናችሁ። ጥል ቢነሳ፣ ስንጠራችሁ ትመጣላችሁ።» አባዬ ማለ፣ ስልክ ቁጥሩንም ሰጠ። መኪናችን አምልጦን ስለነበር እትዬ ብርቄ ቤቷ ወስዳ እርጎ አጠጣችን፤ የቤቷ ሥጋ እንደማይሆንልን ሳንነግራት ታውቃለች። አያ ደሳለኝ በበሩ ብቅ ብሎ፣ «ልጆቹን ፈትሻቸው፣ ምድጃሽን ይዘውብሽ እንዳይሄዱ» አላት።

ደሴ

ከዚያ በሦስተኛው ቀን ቤታችን ገባን። ይህ ጉዞ ምን አስተማረሽ ብትሉኝ፣ ሦስተኛ ሕግ አውጥቼ ግድግዳ ላይ ለጥፌያለሁ፤ ድንጋይ ከመነሳቱ በፊት ማን እንዳስቀመጠው ይጠየቃል። አባዬ ፈርሞበታል። ሜዳ ላይ የወደቀ ነገር ሁሉ የማንም እንዳልሆነ አድርገን ማየታችን ከሁሉም በላይ አናዶኛል፤ ያን ቀን እኔም እልል ልል ነበርና።

ትናንት ስልክ ተደወለ። እትዬ ብርቄ ናት። ከጀርባዋ የአያ ደሳለኝ ድምፅ ይሰማል። አህያ ታክኮት ድንጋዩ ዘመም ብሏል፤ ወደየት እንደነበር ሊስማሙ አልቻሉም።

«እመጣለሁ» አለ አባዬ፣ መዶሻውን እየፈለገ። ደስታው ያስጠላል።

እማዬ ስልኩን ከእጁ ወሰደች። «አንተ ምን ታውቃለህ? የተቀመጥኩት እኔ ነኝ» አለችና ለእትዬ ብርቄ፣ «እስክመጣ ማንም እንዳይነካው» አለቻት።