የወንድሜ የሰንበቴ ተራ

ዓርብ ዕለት ወንድሜ ከሆስፒታል ተመልሶ በቀጥታ ወደ ስፌት መኪናው ሄደ። ከልጅነቱ ጀምሮ ልቡን ያመዋል፤ በየወሩ የሚወጋው መርፌ ነበረው። መርፌው ዳሌውን ስለሚያሳምመው በአንድ ጎኑ ጋደል ብሎ ነበር የተቀመጠው። እኔ ባጃጄን ፒያሳ አንድ ጥግ ላይ አቁሜ ተሳፋሪ እጠብቃለሁ። እሱ የሚሰፋበት በረንዳ ከእኔ አሥር እርምጃ አይርቅም። ሥራ ሲቀዘቅዝ እሱ ጋ ሄጄ እቀመጣለሁ።

ወንድሜ ነበር፤ ግን ጓደኛዬ ብል ይቀለኛል። በአራት ዓመት ይበልጠኛል። ሰው ፊት «አያ» እለዋለሁ፣ ብቻችንን ስንሆን «አንተ» ነው።

ያን ቀን ከአይከል የመጣ አንድ ገበሬ የልጁን የሠርግ ቀሚስ ሊጠይቅ መጣ።

«ደረሰ?»

«አልደረሰም።»

«ዛሬ ማታስ?»

«ዛሬ አይደርስም። ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ና።»

ሰውየው በዱላው ላይ ተደግፎ ወንድሜን ትክ ብሎ አየው። «ምነው አንተ ልጅ! እንደ ሌላው ሰፊ ‹አሁን ይደርሳል፣ አሁን ይደርሳል› እያልክ ብታስቀምጠኝ ምን ነበረበት? ቢያንስ ተስፋ አደርግ ነበር።»

«ውሸት ከፈለግህ ከጎኔ ያለው ሰፊ አለልህ» አለው ወንድሜ። «በነጻ ነው የሚሰጥህ።»

ጎረቤቱ ሰፊ መቀሱን አነሳበት። ሁላችንም ሳቅን፤ ገበሬውም ሳይወድ ሳቀ።

ልብስ ሰፊ ሆኖ ቀጠሮ የማይዋሽ ሰው እኔ ከእሱ ሌላ አላውቅም። በዚህ ምክንያት ብዙ ደንበኛ ሄዶበታል። የሄደው ግን ሌላ ቦታ ሦስት ጊዜ ተመላልሶ፣ ጫማው አልቆ፣ ተመልሶ እሱ ጋ ይመጣል።

ስለ ሃይማኖቱ እንዴት ብዬ እንደምጽፍ አላውቅም። እሱ አይሰብክም ነበር። አጥባቂ ሰው ሲባል ብዙዎች ፊቱ የጨለመ፣ ሰው የሚቆጣ ይመስላቸዋል። ወንድሜ ግን ቀላጅ ነበር። ጨርቅ ከመቁረጡ በፊት ያማትባል፤ ካማተበ በኋላ ቀልዱን ይቀጥላል። ሐኪሙ ክኒኑን በባዶ ሆድ እንዳይውጥ ስላዘዘው የንስሐ አባቱ በጾም ቀንም ጠዋት እንዲቀምስ ፈቅደውለት ነበር። እሱ ታዲያ ቁራሽ እንጀራውን ይዞ ከመጋረጃው ጀርባ ይገባና፣ የሚጾመውን ሰው እንዳያሰናክል ተደብቆ ይበላል። አንዳንዶች «ጠበል እየጠጣህ ለምን መርፌ ትወጋለህ?» ይሉት ነበር። «ጠበልና መርፌ አይጣሉም» ይላቸዋል። «የምትጣሉት እናንተ ናችሁ።»

ከሁሉም በላይ የሚወደው ሰንበቴውን ነበር። ለማያውቅ ሰው ልንገር። የአንድ ደብር ሰዎች ማኅበር ይመሠርታሉ። በየእሁዱ፣ ተራው የደረሰው አባል ዳቦና ጠላ ቤቱ አዘጋጅቶ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ወዳለው የሰንበቴ ቤት ያመጣል። ከቅዳሴ በኋላ ካህኑ ይባርኩታል። መጀመሪያ ነዳያን ይበላሉ፣ ከዚያ መንገደኛ፣ በመጨረሻ አባላቱ። አባላቱ አብዛኞቹ ሽማግሌዎች ናቸው። ወንድሜ በመካከላቸው ብቸኛው ጎረምሳ ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ ተራው አልፎት አያውቅም።

አንድ ጊዜ ከሆስፒታል በወጣ በሦስተኛው ቀን ተራው ደረሰ። ዳቦውን በነጠላ ጠቅልሎ ተሸክሞ ወጣ። እኔ ባጃጄን ከኋላው ቀስ እያደረግሁ ተከተልኩት፤ «ግባ! አንተ ሰው፣ ግባ እንጂ!» እያልኩ እጮኻለሁ። በየመብራት እንጨቱ ሥር ይቆማል፣ ይተነፍሳል፣ ይሄዳል። በመጨረሻ ዞር ብሎ «ጡሩምባህን ተው፣ እየጸለይኩ ነው» አለኝ። ያን ቀን ሰው ፊት አፈርኩ። ዛሬ ሳስበው ያ ሰውዬ የእኔ ወንድም ነው እያልኩ መናገር ያምረኛል።

ያች ዓርብ ማታ ዕቃውን ሲሰበስብ «እሁድ ተራዬ ነው» አለኝ።

«አውቃለሁ። ጠላው ቤቱን አስክሮታል።»

«ዳቦውን ትሸከምልኛለህ? ደረቴ አልተመቸኝም።»

«በባጃጅ አደርስልሃለሁ።»

«የጠየቅሁህ በትከሻህ ነው። ገብተህም አብረኸኝ ታስተናግዳለህ።»

«እሁድ ጠዋት እኮ ሥራ የሚበዛበት ሰዓት ነው» አልኩት።

«ሸጋ» አለ። ሲደሰትም ሲያዝንም «ሸጋ» ነበር የሚለው። ያን ጊዜ የትኛው እንደሆነ አውቄያለሁ፤ ግን ወደ ባጃጄ ሄድኩ። እኔ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር በኩል ሳልፍ ተሳልሜ የምሄድ ሰው ነኝ። ሰንበቴ የሽማግሌ ነገር ይመስለኝ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ጫማውን እያሠረ ሳለ «ትንፋሽ አጠረኝ» አለ። እኔ ነኝ በባጃጄ የወሰድኩት። እናታችን ከኋላ አቅፋው ነበር። ሐኪሞቹ ጋ በሕይወት ደርሷል። እዚህ ላይ ብዙ መጻፍ አልችልም። አራት ሰዓት ሳይሞላ አረፈ።

ስምንት ሰዓት ላይ ቀበርነው። የመጣው ሕዝብ ቅጥሩን ሞላው። ከአይከል የመጣው ገበሬ ቀሚሱን ፍለጋ ፒያሳ ሄዶ መርዶውን እዚያ ሰምቶ ነበር። ጎረቤቱ ሰፊ የወንድሜን መሳቢያ ሲከፍት ቀሚሱ አልቆ፣ ተተኩሶ፣ ተጣጥፎ ፌስታል ውስጥ አገኘው። ዓርብ ማታ ጨርሶት ነበር። ገበሬው ፌስታሉን በብብቱ ይዞ ቀብሩ ላይ ቆመ። «ስድስት ሰዓት አለኝ፤ ስድስት ሰዓት ላይ ተገኘ» እያለ ለማያውቀው ሰው ሁሉ ይናገራል።

ከቀብር ስንመለስ እድርተኛው ድንኳን ጥሎ፣ ወንበር ደርድሮ ጠበቀን። ሴቶቹ ንፍሮ ያቀርባሉ። አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ተቀምጠው ብርጭቆ ሰጡኝ።

«ጠጣ ልጄ። ጉሮሮህን አርጥብ። ሸጋ ጠላ ነው።»

ወደ አፌ አስጠግቼው ቆምኩ። ብርጭቆውን አስቀምጬ ወደ ማድ ቤት ሮጥኩ። ጋኑ ተከፍቷል። ወንድሜ የጋኑን አፍ ያሰረበት ሰማያዊ የጨርቅ ቅዳጅ መሬት ላይ ወድቋል። ጠላው ከግማሽ በታች ሆኗል። ለዳቦው የተፈጨውንም ዱቄት አንዷ ሴት ለነገ ለለቅሶተኛው እንጀራ ሊሆን ነው ብላ ልታቦካው ወደ ቡሀቃ ገልብጣዋለች።

ማንንም መውቀስ አይቻልም። ሰው ሞቶበት ቤቱ ውስጥ የደረሰ ጠላና የተፈጨ ዱቄት ሲያገኙ ምን ይበሉ? እግዜር አዘጋጅቶላቸው ነው አሉ። እናቴም በዚያ ሰዓት ስለ ጋን የምትናገርበት አፍ አልነበራትም።

እኔ ግን ወደ ድንኳኑ ተመልሼ ቆምኩ። ሰው ፊት ተናግሬ አላውቅም።

«ይህ ጠላ የለቅሶ አይደለም» አልኩ። «የወንድሜ የሰንበቴ ጠላ ነው። ነገ ተራው ነው።»

አንዳንዱ ብርጭቆውን ከአፉ አወረደ። ሙሴ የምንላቸው የሰንበቴው መሪ እዚያው ነበሩና በእርጋታ ተነሡ።

«ልጄ፣ እሱን አታስብ። ለነገ ሌላ አባል እንዲያወጣ አዝዘናል። ሐዘን ላለበት ቤት ተራ ይተላለፋል፤ ደንብ ነው።»

«ሌላ ሰው ካወጣው የወንድሜ አይሆንም፣ አባቴ» አልኳቸው። «ስድስት ዓመት ተራው አላለፈውም። በመጨረሻው ሊያልፈው ነው?»

አጎቴ ተቆጣ። «ምን ነካህ? ለቅሶ ቤት ምግብ ይገባል እንጂ ይወጣል እንዴ? ሰው ምን ይለናል? ገና የሬሳው አልጋ ሳይነሣ ድግስ ተሸክሞ ሄደ ይሉሃል!»

እውነቱን ለመናገር ልማዱን እኔም አውቀዋለሁ። ዓርብ ዕለት እምቢ ያልኩት እኔ ስለሆንኩ ብቻ ነው አፌን የከፈትኩት። ግን ይህን ለአጎቴ በሰው ፊት ማለት አልቻልኩም።

ያኔ እናቴ ከምንጣፉ ላይ ቀና አለች። ከጠዋት ጀምሮ ስትጮህ ውላ ድምፅዋ ጠፍቶ ነበር።

«ይውጣ» አለች።

ጎረቤታችን እትዬ ሊያጥቡ የሰበሰቡትን ብርጭቆ እንደያዙ ወደ መሐል ገቡ። በሰፈራችን እሳቸውን የሚከራከር የለም።

«በሉ ስሙ። የጠጣነው እኛ ነን፣ የምንተካውም እኛ ነን። ጠላ ያላት ከቤቷ ትቅዳ። ዳቦው እኔ ቤት ይጋገራል። እዚህ እሳት አይነድም ካላችሁ፣ የእኔ ምድጃ ለቅሶ የለበትም።» ከዚያ ወደ አጎቴ ዞሩ። «አንተም ያንን ብርጭቆ ጨርስና አምጣ። ጀምረኸዋል፣ አሁን ብትመልሰው ጋን አይሞላም።»

በሐዘኑ መሐል ሰው አፉን ሸፍኖ ሳቀ። አጎቴም አንገቱን ደፍቶ ጠላውን ጨረሰ። ወንድሜ ቢኖር ኖሮ ከሁሉም በላይ የሚስቀው እሱ ነበር።

እሁድ ጠዋት እትዬ ሁለት ትልልቅ ድፎ ዳቦ ትኩሱን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው በራቸው ላይ ጠበቁኝ። ባጃጄን አላስነሣሁም። ዳቦውን ተሸክሜ ዳገቱን ወጣሁ። እኔ ጤነኛው፣ እኔ የሃያ ሁለት ዓመቱ፣ ሁለት ጊዜ ቆሜ አረፍኩ። ወንድሜ በዚያ ልብ እንዴት አድርጎ እንደተሸከመው ያን ቀን ነው የገባኝ። አጎቴ ከኋላዬ ጀሪካን ይዞ ይመጣል፤ የአምስት ቤት ጠላ የተቀላቀለበት። ማንም አልጠየቀውም፤ ራሱ ነው ያነሣው።

ሰንበቴ ቤቱ በር ላይ ሙሴ ሲያዩኝ ነጠላቸውን አስተካከሉ። በሩን ከፍተው ገለል አሉልኝ። ካህኑ ዳቦውን ባረኩ። የክርስትና ስሙንም ጠርተው ጸለዩለት። ከዚያ ቢላዋውን ለእኔ ሰጡኝ። እንዴት እንደሚቆረስ አላውቅም ነበር። አንድ ሽማግሌ «ከመሐል ጀምር፣ ወንድምህ ከመሐል ነው የሚጀምር» አሉኝ። ከመሐል ጀመርኩ።

መጀመሪያ ለነዳያን አደልኩ። አንዲት ዓይነ ስውር እናት እጄን ይዘው «ሰፊው ነህ?» አሉኝ። «ወንድሙ ነኝ» አልኳቸው። በሕይወቴ ይህን ቃል እንደዚያ ቀና ብዬ ተናግሬው አላውቅም። ጠላውን የቀመሱ አንድ አባት ግንባራቸውን ቋጥረው «ይህ ደግሞ የማን እጅ ነው?» አሉ። «የሰፈሩ ሁሉ» አላቸው አጎቴ። «ለዚህ ነዋ እንደ ሰፈሩ የሚጣላው!» አሉና ደገሙት።

ሰው ሁሉ በልቶ ሲነሣ፣ ከተባረከው ዳቦ አንድ ቁራሽ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ወደ ቤት ተመለስኩ። እናቴ ከቅዳሜ ጀምሮ እህል አልቀመሰችም፤ ሴቶቹ ሲለምኗት አድረዋል። ከምንጣፉ አጠገብ ተንበርክኬ ቋጠሮውን ፈታሁ።

«እማ፣ ጸበል ጻዲቅ ነው» አልኳት። «የእሱ ተራ ነው።»

በሁለት እጇ ተቀበለችኝ፤ ስማው በላች። ጫማዬን አውልቄ ከጎኗ ተቀመጥኩ።